ዲያቆኑ ለራሱ የሰጠው አንድ

እናቴ በሕይወት ሳለች ለጎረቤት ስታማኝ «የእሷ ነገር! ተቀምጣም ቆማ ነው» ትል ነበር። እውነቷን ነው። አውቶቡስ ሳይቆም በር ላይ የምቆም፣ ድስት ሳይፈላ ክዳን የምከፍት፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» የምል ሰው ነኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም። ይህን አስቀድሜ የማወራው በራሴ ለመሳቅ ብዬ አይደለም። ከዚህ በታች በምጽፈው ነገር ውስጥ አንድ ጥፋት አለ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የመጣውም ከዚሁ ጠባዬ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ግን ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ያን ዓመት የሳይንስ ዕጩ መምህራኖቻችን ለማስተማር ልምምድ በመንዝና በግሼ ትምህርት ቤቶች ተበትነው ነበር። አሥራ አራት ናቸው። ለእኔ አንድ ታብሌት ተሰጠኝና «የእነዚህን ልጆች የዲጂታል ብቃት ለክተሽ ነይ» ተባልኩ። ተቀምጬ ፈተና ከማርም መንገድ ይሻለኛልና ደስ እያለኝ ተቀበልኩ።

መለካት የተባለው ነገር እንዲህ ነበር። ታብሌቱ ላይ አርባ ዐረፍተ ነገር አለ። «ለትምህርቴ የሚሆን ቪዲዮ አዘጋጃለሁ።» «መረጃ በሠንጠረዥ አደራጃለሁ።» «መሣሪያ ሲበላሽብኝ በራሴ መፍትሔ አገኛለሁ።» እንዲህ እያለ ይወርዳል። ዕጩ መምህሩ እያንዳንዱን እያነበበ ለራሱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል። አንድ ማለት ፈጽሞ አልችልም ነው። አምስት ማለት ከእኔ ወዲያ ላሳር ነው። ከዚያ ታብሌቱ ደምሮ ደረጃ ያወጣል። የእኔ ሥራ ታብሌቱን ማቀበልና መልሶ መቀበል ብቻ ነበር። ለዚህ ሥራ ሰው ለምን እንዳስፈለገ ያኔ አልጠየቅሁም።

ነገሩ ቁጥር ሆኖ ቢቀር ማንም ባልተጎዳ። ግን ከራቤል ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮችና ሶላር ተሰጥቶት፣ የሚያንቀሳቅሰው መምህር ጠፍቶ፣ ዕቃው ከነካርቶኑ ተቀምጦ ነበር። በእኔ ዝርዝር አንደኛ የወጣ ዕጩ ሲመረቅ እዚያ ይመደባል። የቀሩት በዕጣ ይበተናሉ። ዕጣ ደግሞ ዕጣ ነው፤ ደጋ ለለመደ ሰው ጀማ ሸለቆ ሊወጣለት ይችላል። ዝርዝሩ ዓርብ እንዲደርስ ታዘዝኩ።

ማክሰኞ ዕለት ሁሉንም መሐል ሜዳ ሰበሰብኳቸው። የትምህርት ቤቱ ሰዎች አንድ ክፍል ለቀቁልን፤ ከመስኮቱ ግማሹ መስታወት የለውም፤ የመንዝ ንፋስ ደግሞ በር አያንኳኳም። ልጆቹ ጋቢና ጃኬታቸውን ደራርበው ተራ በተራ ታብሌቱ ፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ።

የመጀመሪያው ኮፍያ ከራሱ የማይለይ የከተማ ልጅ ነበር። ጨዋታ ያውቃል፣ ክፍሉን በሳቅ ይሞላዋል። ጣቱን አምስት ላይ ተክሎ አርባውን ዐረፍተ ነገር እንደ መሰላል ወረደው። ሁሉም አምስት። ሲጨርስ ዞር ብሎ «ቲቸር፣ ላክ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ እኔም ስቄ አሳየሁት። ያሳየሁት ግን አምስቶቹን እንዳለ ተቀብዬ ነው። ሌሎቹም እንደየድፍረታቸው ሦስትም አራትም እየሰጡ አለፉ።

የመጨረሻው ዲያቆኑ ነበር። ጓደኞቹም እኛም ዲያቆኑ እያልን ነበር የምንጠራው። ቅኔ ቤት ከርሞ ዘግይቶ ወደ አስኳላ የመጣ፣ ከሌሎቹ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ቀጭን ልጅ ነው። አባቱ ከራቤል አጠገብ ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው። ልምምዱንም የሚሠራው እነዚያ ካርቶኖች ባሉበት ትምህርት ቤት ነበር።

«ዲያቆን፣ ሳታማትብ እንዳትነካው!» አለ ባለ ኮፍያው።

«እሱን ራቤል ቢመድቡት እኮ ጽድቅ ነው ቲቸር» አለች አንዷ ዕጩ፣ ከልቧ። «እሱ ከሌለ በአገራቸው ቅዳሴ የለም።»

እንዴት ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ አስረዳኝ። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ ከአምስት ከጎደለ አይቀደስም። የእነሱ ደብር አባቱና አንድ ሌላ ቄስ አሉት። ዲያቆናቱ ከእሱ ጋር ሦስት ናቸው። ኮሌጅ ሳለ ከጎረቤት ደብር ዲያቆን እየተዋሱ ሰነበቱ፤ አሁን ጎረቤቶቹም ልጆቻቸው ወደ ከተማ እየሄዱባቸው የሚያውሱት አጡ።

«እዚያ መመደብ ትፈልጋለህ ማለት ነው?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ያውቃል መምህር» አለ። ፊቱ ግን ቀላ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ ታብሌቱን ወስዶ ተቀመጠ። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ አራት ነጥቡ ያነባል። ባለ ኮፍያው በሦስት ደቂቃ የጨረሰውን እሱ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሰዓቴን አየሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፣ እንደገና ሰዓቴን አየሁ። ሲጨርስ ተነሥቶ በሁለት እጁ አቀበለኝና እጅ ነሣ። ወዲያው ከፈትኩት። አንድ። አንድ። አንድ። ሁለት። አንድ። ከዚያ እስከ ታች አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት የሚባል ቁጥር ያየ አይመስልም።

ያሰብኩትን ልናዘዝ። «ወይ የቅኔ ቤት ልጅ፣ ምን ታደርገዋለህ» ነው ያልኩት በሆዴ። አዘንኩለት፤ ሐዘኔ ውስጥም ትንሽ ኩራት ነበረበት። ለአሠልጣኞች የተዘጋጀ ሌላ መጠይቅ ነበርና የራሴን አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ሞልቼዋለሁ። ለራሴ የሰጠሁት ከአራት አይወርድም። ለኮሌጁ ክብር ስል ነው ብዬ ነበር።

ሐሙስ ወደ ራቤል ተነሣሁ። የካርቶኖቹን ሁኔታ አይቼ እንድመለስ ታዝዣለሁ፤ በዚያውም የዲያቆኑን አንድ ክፍለ ጊዜ አያለሁ። በፒካፕ ተጭነን ጓሳን ስናቋርጥ ሣሩ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ወገብ ድረስ ቆሟል። አጠገቤ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና የተከናነቡ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል።

«ይሄ ሁሉ ሣር ቆሞ የማይታጨደው ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ገና ነው። ደርሷል ሲባል ነው የሚታጨድ።»

«ደርሷል የሚለው ማነው?»

«አገሩ ነዋ! ሽማግሌው ተሰብስቦ፣ አይቶ ይላል። ሣሩ ራሱ ይናገር እንዴ?» አሉና መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ክርክር እገጥም ነበር። ያን ጠዋት ግን ልቤ እዚያ አልነበረም፤ ታብሌቱ ቆሟል። መሐል ሜዳ ላይ ስነሣ ነው የደረቀው። መሀሉ ላይ አንዲት ክብ እየዞረች ሌላ ነገር አይወጣም። አጠፋሁት፣ አበራሁት። እንደገና አጠፋሁት፣ አበራሁት። ለማሽን ሁሉ የማውቀው መድኃኒት ይኸው አንዱ ነው። የአሥራ አራት ሰው መልስ ውስጡ ነው፤ ነገ ዓርብ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ካርቶኖቹን አሳዩኝ። በአንድ ጥግ ተደርድረው፣ አቧራ እንዳይነካቸው ኬሻ ለብሰዋል። ርዕሰ መምህሩ ከኬሻው አንዱን ጫፍ ገለጥ አድርገው መልሰው ሸፈኑት። «የሚከፍታቸው ሰው ይላኩልን እንጂ እኛ ፈርተናቸዋል» አሉ። እሺ እሺ ብዬ ወደ ዲያቆኑ ክፍል ገሠገሥኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። ተማሪዎቹ በሙሉ ውጭ፣ ከሕንፃው ጎን ናቸው።

ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች እኩል እኩል የተሰመሩ የጠመኔ መስመሮች አሉ። አንድ ተማሪ መሰላል ላይ ወጥቶ ድንጋይ ይዟል። ዲያቆኑ ጥጉ የተሰነጠቀ፣ በፕላስተር የተለጠፈ ስልኩን ድንጋይ ደራርቦ በሠራው መቆሚያ ላይ አቁሞታል። «ልቀቀው» ሲል ድንጋዩ ወደቀ። የአንድ ቅጽበት ነገር ነው፤ እኔ ምንም አላየሁም። ከዚያ ስልኩን አነሣና ቪዲዮውን አንድ አንድ ምስል እያስኬደ ለመጀመሪያው ቡድን አቀበለ። ስልኩ ከቡድን ወደ ቡድን በሁለት እጅ እየተያዘ ይሄዳል። ልጆቹ ድንጋዩ በእያንዳንዱ ምስል ስንት መስመር እንዳለፈ በደብተራቸው ይጽፋሉ።

አንዲት ልጅ ድንገት ጮኸች። «ቲቸር! መጀመሪያ ግማሽ መስመር ነው የሄደው፤ እዚህ ጋ ሁለት፤ እዚህ ጋ ከሦስት በላይ! እየፈጠነ ነው!»

ዲያቆኑ አዎ አላለም፣ አይደለምም አላለም። «ከታች ጀምረሽ ቁጠሪና ለጓደኞችሽ አሳዪያቸው» ብቻ አለ። ልጅቷ ቆጠረች፣ አሳየች፤ ሌሎቹ ስልኩን ተቀብለው ራሳቸው ቆጠሩ፤ ተከራከሩ፤ ተስማሙ። በዚህ ሁሉ ዓመት በላቦራቶሪ ከነሙሉ ዕቃው እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ አላውቅም። ይህን ስል ቅናት እንደነበረበት አልደብቅም።

ሲጨርሱ ርዕሰ መምህሩ በጆሮዬ ሌላውን ነገሩኝ። ልጁ ከሃያ የሚበልጥ እንዲህ ያለ ትምህርት ቀርጿል፤ በየምዕራፉ፣ በየቁጥሩ አስቀምጦታል። ቅዳሜ ገበያ ወላጆች ሲመጡ በብሉቱዝና በሚሞሪ ወደ ስልካቸው ይልክላቸዋል። ገብስ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ሁሉ ድንጋይ ሲወድቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። እኔ በመጠይቁ ላይ «ለትምህርቴ የሚሆን ቪዲዮ አዘጋጃለሁ» ከሚለው አጠገብ ያየሁትን አንድ አስታወስኩ። ነገሩ ገና አልገባኝም፤ ተሳስቶ ነክቶት ይሆናል አልኩ።

የመልሱ መኪና ከሰዓት በኋላ አንዴ ብቻ ነው። ሳይሄድብኝ ታብሌቱን አንድ ሰው እንዲያይልኝ እየዞርኩ ስጠይቅ ዲያቆኑ መጣ።

«ይፈቅዱልኛል መምህር?»

«ትችላለህ?» አልኩት። ቁጭ ብሎ ጀመረ።

ታብሌቱ ሞልቶ ነው የቆመው። የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የእህቴ ልጅ ሠርግ በሙሉ፣ መዝሙሩ፣ ሰዎች በየማለዳው የሚልኩልኝ የአበባ ምስል ሁሉ እዚያ ነው። ይህን ሁሉ አይቶ «ትንሽ ጠቦት ነው» ብቻ አለ። መጀመሪያ መልሶቹ እንዳይጠፉ ግልባጫቸውን በሠንጠረዥ አድርጎ ስልኩ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሠርጉን ወደ ሚሞሪ አወጣ፤ አንዳች አልሰረዘብኝም። አጥፍቶ ሲያበራው አሥራ አራቱም ስም ወጣ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስሞቹ ሲመጡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ የጓደኞቹን ነጥብ ላለማየት ነው።

እኔ ግን የእሱን ፈልጌ ከፈትኩት። «መሣሪያ ሲበላሽብኝ በራሴ መፍትሔ አገኛለሁ።» አንድ። «መረጃ በሠንጠረዥ አደራጃለሁ።» አንድ። ደሜ ፈላ።

«ይሄ ምንድን ነው? አሁን በዓይኔ ፊት የሠራኸውን ነው እኮ አልችልም ያልከው!»

ደነገጠ። ጋቢውን እየሰበሰበ ቆመ። «በራሴ እጅ አውቃለሁ ብዬ ልጻፍ መምህር?» አለኝ። መልስ እየጠየቀ ሳይሆን ነውር ሲነገረው እንደደነገጠ ሰው ነው።

«ታዲያ ማን ይጻፍልህ?»

«እርስዎ ነዎታ። ቅኔ ቤት ተማሪ ዘልቄያለሁ አይልም። መምህሩ ሰምተው፣ መርምረው፣ ይህ አውቋል ብለው ሲመሰክሩለት ነው ያወቀ የሚባል። በራሱ አፍ አውቃለሁ ያለ ለታ ተማሪዎቹም ይስቁበታል፣ መምህሩም እንደገና ከሥር ጀምር ይሉታል። እኔ እንዲያ ስለመሰለኝ ዝቅ አድርጌ ሞላሁት። እርስዎ ካዩኝ በኋላ ከበታቹ የሚሞሉት ቦታ ያለ መስሎኝ ነው።»

እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ከአርባው ዐረፍተ ነገር በታች ያለው የምስጋና ቃል ነው። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ «ጎበዝ ነኝ» ያልኩ ቀን አባቴ ከማዕድ እንዳስነሡኝ አልረሳሁም። ይህን መጠይቅ ይዤ ከቤት ስወጣ ሊታየኝ ይገባ ነበር። ጨዋው ሁሉ ራሱን ዝቅ ያደርግበታል፤ ደፋሩ ራሱን ይሾምበታል። እኛ ደግሞ ለክተናል እንላለን።

መኪናው ጥሩንባውን ነፋ። ከሄደብኝ እዚያው አደርኩ ማለት ነው። ታብሌቱ ላይ የተመለሰ መልስ አንዴ ከገባ አይታረምም፤ ልጁ ስልክ ላይ ያለው ግልባጭ ግን ሠንጠረዥ ስለሆነ ይስተካከላል። ኔትወርክ ያለው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ ለእኔ ጉልበት ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት አልነበረኝም። ወይም አለኝ ብዬ ማሰብ አልፈለግሁም።

«ስማኝ» አልኩት እየተራመድኩ። «አንተ ታውቃለህ። እኔ አይቻለሁ፣ መስክሬልሃለሁ። ጉብታው ላይ ውጣና የራስህን መስመር አስተካክለህ፣ የሚገባህን ሰጥተህ ለኮሌጁ ላከው። አንደኛ ነህ።»

«መምህር፣ እኔ በራሴ እጅ እንዲያ...»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አልኩት። «እኔ አዝዤሃለሁ። ትልከዋለህ?»

«እልከዋለሁ» አለ።

ተማሪዎቹ ከበውን ቆመው ነበር። የመጨረሻዎቹን ቃላት ሰምተው ለመምህራቸው አጨበጨቡ። እኔም ደስ እያለኝ መኪናው ላይ ወጣሁ። ጓሳ ላይ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ፤ «ሄዷል መምህር» ይላል። ያን ዕለት መሐል ሜዳ ላይ ተቀምጬ ሽሮ በላሁ።

ከሳምንት በኋላ ዝርዝሩ ተለጠፈ። አንደኛ ባለ ኮፍያው ነበር። ዲያቆኑን ከላይ እየፈለግሁ ወረድኩ፤ አሥራ አራተኛ ላይ አገኘሁት። የተላከውን ሠንጠረዥ አስከፍቼ አየሁ። መስመሩ እንደነበረ ነው፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት። ያቺ አንዷ ሁለት ማክሰኞ ዕለት ሳላነባት ያለፍኳት ናት። ያን ቀን አነበብኳት። «በእጄ የገባውን መረጃ አልነካካም፤ ለሌላም አሳልፌ አልሰጥም» ከሚለው አጠገብ ነው የሰጣት። ስልኩ በእጁ፣ ሰው በሌለበት ጉብታ ላይ ቆሞ፣ ራቤል የሚያስቀረው ቁጥር ጣቱ ሥር ሆኖ፣ ሳይነካው ልኮታል።

ደወልኩለት። አልተቆጣሁም፤ መቆጣት አቅቶኝ ነበር።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?»

«አልቻልኩም መምህር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልነግርዎ ጀምሬ ነበር፣ መኪናው ቸኮለብዎ። እርስዎ ኮሌጅ ሲደርሱ ከበታቹ ይጽፉበታል ብዬ ነው።»

መኪናው ነው የቸኮለው አለ፤ እርስዎ ቸኮሉ አላለም። ስልኩን ዘግቼ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ያየሁትን ሁሉ፣ ድንጋዩን፣ ግድግዳውን፣ ታብሌቱን፣ የጓደኞቹን ነጥብ ላለማየት ፊቱን ማዞሩን። ያን ለመጻፍ የፈጀብኝ አንድ ሰዓት አይሞላም። ይዤ ከቢሮ ቢሮ ሮጥኩ። የመጨረሻው ሰውዬ በትሕትና አነበቡልኝና «ደብዳቤሽ ጥሩ ነው፤ መጠይቁ ግን የአስተያየት ቦታ የለውም። ዝርዝሩም ጸድቋል» አሉኝ። ወንበር ጋበዙኝ። አልቀመጥም ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ለወራት በሆነ ባልሆነው ሰው ላይ ስጮህ ከረምኩ፤ የሚገባውን ሰው ግን አውቀዋለሁ። ምስክሩ እኔ ነበርኩ፤ ምስክርነቱን ለባለጉዳዩ አሸክሜው ነው የሄድኩት።

የዲያቆኑ ዕጣ መርሐቤቴ ወጣ፤ ከዓለም ከተማ ገና ወደ ጀማ ወርዶ በእግር የሚኬድበት፣ መብራት የማያውቅ ትምህርት ቤት። ባለ ኮፍያውን በምረቃው ቀን አገኘሁት። «ቲቸር፣ እኔ እኮ እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል ብዬ አይደለም አምስት ያልኩት» አለኝ። አመንኩት። ሥራ ከጀመረ በኋላ ደውዬ ካርቶኖቹን ከፍቶ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ዲያቆኑ በስልክ እየነገረው ሁለቱን እንዳስነሣ ነገረኝ።

በዓመቱ ለሌላ ሥራ እንደገና ወደ ግሼ ተላክሁ። እሑድ ማለዳ ነበር። መንገድ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መኪናው ቆመና ተሳፋሪው ሊሳለም ወረደ። ስሟን ስሰማ አወቅኋት፤ የዲያቆኑ ደብር ናት። ሕዝቡ ከቅጥሩ እየወጣ ነው፤ ለቅዳሴ መውጫ ገና ብዙ ይቀራል።

«ዛሬ ቅዳሴ የለም እንዴ?» አልኳት ነጠላ የለበሰች ሴትዮ።

«ኪዳን ብቻ ነው። ዲያቆን የለነም» አለችኝ፤ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ነው።

በሩ ላይ አንድ አረጋዊ ቄስ መስቀል ያሳልማሉ። ተሳለምኩ። ቅጥነቱ፣ የአንገቱ አደፋፍ፣ አልተሳሳትኩም። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኮሌጁ አልኩ፤ ሳላስበው አምልጦኝ ነው።

«እንግዲያስ ልጄን ያስመሰከሩት መምህርት እርስዎ ነዎት!» አሉ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ነግሮናል። ተማሪዎቹ በተሰበሰቡበት፣ አይቻለሁ፣ ታውቃለህ ብለው መሰከሩለት። ከዚያ ወዲያ ነው ወደ ሩቅ አገር የሄደ። ደንቡ ነው፤ ያወቀ ይላካል። እኔም ድሮ መምህሬ ከመሰከሩልኝ በኋላ ነው ሂድና አስተምር ብለው የሰደዱኝ። ቅዳሴያችን ጎደለ፣ እውነት ነው፤ እናቱም ታለቅሳለች። ግን ያላወቀ ልጅ ቤቱ ከሚቀር ያወቀው ቢርቅ ይሻላል። እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልን።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ተሳስተዋል አባቴ፣ የላከው ዕውቀቱ ሳይሆን የእኔ ችኮላ ነው ልላቸው ነበር። ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ቄሱ ግን ገና አልጨረሱም ነበርና ዝም ብዬ ጠበቅኋቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጁን ብጠይቀው ራስን ማመስገን ይሆንብኛል እያለ አይነግረኝም። ስንት ሰጡት?»

ጥሩንባው እንደገና ተነፋ።

«አምስት» አልኳቸው።

«ከስንት?»

«ከአምስት፣ አባቴ።»

«ተመስገን» አሉና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አማተቡ። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ገብተው፣ ሹፌሩ እየተሳደበ፣ መኪናው ላይ የመጨረሻዋ ሆኜ ወጣሁ።